ከአራዳ ወደማይታወቅ ወዳጅ

ለማያውቁት ሰው ፖስት ካርድ እየጻፉ መላክ፣ ከማያውቁት ሰውም መቀበል፣ በአገራችን እንደ ቁም ነገር የሚታይ ሥራ አይደለም። አንድ ወጣት ጸሐፊ በምሳ ሰዓት በቸርችል ጎዳና ወደ ዋናው ፖስታ ቤት ወርዶ፣ ፊንላንድ ውስጥ ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት ካርድ ሲያስገባ ባልንጀሮቹ ቢያገኙት፣ «ምን ዘመድ አለህ?» ይሉታል። «ዘመድስ የለኝም፤ ሴትዮዋንም አላውቃቸውም» ብሎ ቢመልስ ነገሩ ይብስበታል። ቴምብር ገዝቶ ላላዩት ሰው ሰላምታ መላክ ምን ይሉታል? ሥራ መፍታት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በበኩሌ ሥራ መፍታት ነው አልልም። እንዲያውም በአራዳና በፒያሳ ለምንመላለስ ሰዎች ነገሩ ከጨዋታም አልፎ የቆየ ዕዳ ያለበት ጉዳይ ነው እላለሁ። ምክንያቱንም ቀስ ብዬ አስረዳለሁ።

አስቀድሞ ግን አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐምሌ 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ፓውሎ ማጋልያይሽ የተባለ ፖርቱጋላዊ ተማሪ «ፖስትክሮሲንግ» የተባለውን የካርድ መለዋወጫ በኢንተርኔት ላይ ከፈተ። አባል የሆነ ሰው ካርድ ልላክ ባለ ጊዜ የአንድ እንግዳ ሰው ስምና አድራሻ በዕጣ ይወጣለታል፤ መለያ ቁጥርም ይሰጠዋል። ቁጥሩን በካርዱ ላይ ጽፎ ይልካል። ተቀባዩ ካርዱ በእጁ ሲገባ ቁጥሩን ይመዘግባል፤ ያን ጊዜ የላኪው አድራሻ በተራው ለሦስተኛ ሰው ይሰጣል። እንግዲህ ለጀርመናዊው የጻፈ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከጀርመናዊው ሳይሆን ምናልባት ከታይዋን ወይም ከአሜሪካ ነው። በዚህ መንገድ እስከ ዛሬ ከ70 ሚሊዮን በላይ ካርዶች ከሰው ወደ ሰው ተላልፈዋል።

ለእኛ ይህ አሠራር እንግዳ መሆን አልነበረበትም፤ እቁብ ነውና። ሁሉም ይጥላል፤ ዕጣው የደረሰው ይበላል፤ ያበላኸው ሰውና ያበላህ ሰው አንድ መሆናቸው ግዴታ አይደለም። ልዩነቱ ዳኛና ጸሐፊ የሌለው፣ እቁብተኞቹም የማይተያዩበት መሆኑ ብቻ ነው።

ደግሞም ካርድ መለዋወጥ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የፖስታ ካርድ የወጣው በአውስትሪያና በሃንጋሪ መንግሥት ሲሆን፣ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1869፣ በእኛ 1862 ዓ.ም. ነበር። ካርዱ ሥዕል አልነበረበትም፤ ጥቅሙ ከደብዳቤ ይልቅ ርካሽ መሆኑ ነበር። ሥዕል ያለበት ካርድ ከዚያ በኋላ እየተስፋፋ ሄዶ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት አውሮፓ በካርድ ሰብሳቢ ተሞላች። በየቤቱ አልበም ነበር። በሩቅ አገር ያለ ወታደር፣ መነኩሴ፣ ነጋዴ ወይም ቆንስል ሁሉ «ካርድ ላክልኝ» የሚል ጥያቄ ይጎርፍለት ነበር። በዚያን ጊዜ የካርዱ ጀርባ ለአድራሻ ብቻ የተወሰነ ስለ ነበረ ሰላምታ የሚጻፈው በሥዕሉ ኅዳግ ላይ ነው። እንግሊዞች በ1902፣ ፈረንሳዮች በ1904፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ጀርባውን ለሁለት ከፍለው ግማሹ ለመልእክት እንዲሆን ፈቀዱ። አንዳንዱ ሰብሳቢ ደግሞ ቴምብሩ በሥዕሉ በኩል እንዲለጠፍለት ይጠይቅ ነበር፤ በአልበሙ ውስጥ ሥዕሉንም ቴምብሩንም አንድ ላይ ለማየት ነው።

የእኛ አገር በዚህ ገበያ ውስጥ የገባችው በጥሩ ጊዜ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ያዘዙት መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው፤ ከዓድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። የቀረጻቸው ሰው ኤዥን ሙሾን ይባላል፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። ነገር ግን ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚሄድ ጽሑፍ በእኛ ቴምብር ብቻ ከጅቡቲ ማለፍ አይችልም ነበር፤ የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ ቴምብር ተጨምሮ ይለጠፍበታል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ከአራዳ የተጻፈ ካርድ እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ፣ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ እስከ ማርሴይ በመርከብ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የሚደርሰው መልእክት ብዙ ጊዜ «ከሰላምታ ጋር» የሚል አንድ ቃልና ፊርማ ብቻ ነው! በቅሎይቱ ብታውቅ ኖሮ ምን ትል ነበር?

የሆነ ሆኖ እነዚያ ካርዶች ለእኛ ትልቅ ነገር ሠርተዋል። የጥንቱን አራዳ ዛሬ የምናየው በአብዛኛው በእነርሱ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች የነበረው ገበያ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ፣ በቅሎዎቹ፣ የሣር ክዳን ቤቶቹ፣ በመካከላቸውም እዚህም እዚያም ብቅ ያሉት የቆርቆሮ ጣራዎች፣ ይህ ሁሉ ተጠብቆ የቆየው አንድ የሊዮን ወይም የጄኔቭ ሰው ካርዱን በአልበም ውስጥ ስላስቀመጠው ነው። በከተማችን ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ናቸው፤ ሙያውንም ልጆቻቸው ወርሰውታል። ፎቶግራፉ እዚህ ተነሣ፤ ካርዱ ግን ወደ ውጭ ሄደ። ዛሬም ከእነዚህ ካርዶች አንዱን ማየት የሚፈልግ ተማሪ በአውሮፓ ሰብሳቢዎችና በአውሮፓ ጨረታዎች በኩል መዞር አለበት። አያቶቻችን የተመላለሱበትን ገበያ የምናገኘው በማናውቃቸው ሰዎች መሳቢያ ውስጥ ነው። ዕዳ አለብን ያልሁት አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን ያን ያህል አያስደስትም። እነዚያን ካርዶች ያየ ሰው ከሥዕሉ በታች የታተመውን ጽሑፍ ያነባል። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ነው፤ «አቢሲኒ፣ አዲስ አበባ፣ ገበያው» ይላል። «የአገሬው ሴቶች» የሚል አለ፤ «ወታደሮች» የሚል አለ። ሴቶቹ ስም አልነበራቸውምን? ወታደሮቹስ የማን ጭፍሮች ነበሩ? ጠይቆ የጻፈ የለም። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ በአንዱ ካርድ ላይ የሚታየው ክርክር ነው። ከሥዕሉ በታች «አቢሲኒ» ተብሎ ታትሟል፤ በዚያው ካርድ ላይ የተለጠፈው ቴምብር ግን «ኢትዮጵያ» ይላል። ቴምብሩን ያወጣነው እኛ ነን፤ መግለጫውን ያወጣው ሌላ ሰው ነው። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ አገሪቱ ሁለት ስም ይዛ ባሕር ተሻገረች።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ደግሞ መግለጫው ጣልያንኛ ሆነ። ወታደሩ ለእናቱ፣ ለእጮኛው የሚልከው ካርድ የተማረከች ከተማ የሚያሳይ ሆኖ ይታተም ነበር። በዚያው ጊዜ ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተዛወረ፤ ስሙም በጣልያንኛ «ገበያ» ማለት የሆነው መርካቶ እስከ ዛሬ ቀረለት። «ፒያሳ»ም «አደባባይ» ማለት ነው፤ እሱም ቀረ። በእርግጥ ሕዝቡ ስሙን ወስዶ የራሱ አድርጎታል። ፒያሳ ስንል ማንም ጣልያንን አያስታውስም፤ ኬክ ቤቱን፣ ወርቅ ቤቱን፣ ሲኒማውን፣ የተቀጣጠረበትን ጥግ ነው የሚያስታውሰው። «አራዳ» የሚለውም ቃል የሰፈር ስም መሆኑ ሳያንስ የብልጥ ሰው ስም እስከ መሆን ደርሷል። ሰው የተሰጠውን መግለጫ ካልወደደ ወይ ይፍቀው ወይ ይውረሰው፤ እኛ ወርሰነዋል። ሆኖም ከመውረስ ይልቅ አስቀድሞ መጻፍ አይሻልም ነበር?

ጥያቄውን ያነሣሁት ለታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ በቱሪስት ዕቃ መሸጫ ሱቆች የሚገኙትን ካርዶች ተመልከቱ። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንብ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ፊታቸውን በቀለም ያስጌጡ የኦሞ ሸለቆ ሰዎች ናቸው። ሁሉም የሚያኮሩን ናቸው፤ ነገር ግን ካርዱን ገዝቶ የሚልከው ወጣት የሚኖረው በየትኛው ውስጥ ነው? እሱ የሚኖረው ሰባራ ባቡር ወይም እሪ በከንቱ ነው። የዶሮ ማነቂያን ጠባብ መንገድ በካርድ ላይ አይቼ አላውቅም። ከእንግዲህም አላይም፤ በ2016 ዓ.ም. የከተማው የኮሪደር ልማት ሥራ ፒያሳን በነካ ጊዜ ዶሮ ማነቂያ ከብዙ አሮጌ ቤቶች ጋር ፈርሷል። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ተከፍቷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ከአሮጌዎቹም መካከል በ2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት የነበረው የጣይቱ ሆቴል ቆሟል። ከተማ ሲታደስ የሚፈርስና የሚሠራ መኖሩ በማንም አገር የታወቀ ነው፤ የትኛው መፍረስ ነበረበት፣ የትኛው አልነበረበትም የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። የ1900ውን አራዳ የውጭ ሰዎች በካርድ አቆዩልን፤ የ2015ቱን ፒያሳ ግን ማን በካርድ ላይ ጽፎ ለማን ላከው?

«ፎቶግራፉ በስልካችን ውስጥ አለ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎን፣ አለ። በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሥዕል አለ፤ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ደግሞ አብሮ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ግን በስልክ ያለው ሥዕል የሚላከው ለሚያውቀን ሰው ነው፤ ስለዚህ ምንም አይጻፍበትም። ጓደኛዬ ፒያሳን ያውቃል፤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለማያውቀው ሰው ሲጻፍ ግን ሁሉን ከሥሩ መናገር ግድ ይሆናል፤ በካርድ መጻፍ የሚያስተምረውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ካርድ የሚጽፍ ወጣት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «እንደምን አሉ? እኔ ደኅና ነኝ። አገሬ ኢትዮጵያ ውብ አገር ናት። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያላት ናት። ከአክብሮት ጋር።» ይህን የተቀበለ ሰው ምን አወቀ? ምንም። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው፤ ለዚያውም ነሐሴ ውስጥ በጊዮርጊስ ቁልቁለት ጃንጥላ ሳይዝ የወረደ ሰው የሚናገረው አይደለም።

አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ፦ «ይህን የምጽፍልዎት ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ በእርስዎ አቆጣጠር 6 ሰዓት መሆኑ ነው፤ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ነውና። ፒያሳ ታክሲ እየጠበቅሁ ነው። ተራ የያዝነው ወደ ሃምሳ ሰው እንሆናለን። ከፊቴ ያሉት እናት ሁለት ዶሮ ይዘዋል፤ ነገ ጾም ይፈታል። ከሃምሳችን ይልቅ ዶሮዎቹ ጸጥ ብለዋል።» ይህ ካርድ ፊንላንድ ሲደርስ ይነበባል፤ ለጎረቤትም ይነገራል። ሥዕሉ የጭላዳ ዝንጀሮ ቢሆን እንኳ ጀርባው አራዳ ነው።

በመሥሪያ ቤት ለሚውሉት ወጣቶች ይህ ልምምድ እንደ መድኃኒት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቀኑን ሙሉ «ጉዳዩ»፣ «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው»፣ «በመሆኑም አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግ» እያለ የሚጽፍ እጅ ሲውል ሲያድር ሌላ መጻፍ ይረሳል። ለእናቱ ሲጽፍም «ጉዳዩ» ሊል ምንም አይቀረው። ካርድ ግን አሥር መስመር ብቻ ነው፤ «ከላይ የተጠቀሰው» የሚባል ነገር የለውም፤ ከላይ ምንም የለምና። ግልባጭም የለውም። ያለውን አንዱን ጽፎ መስጠት ነው፤ መዝገብ ቤት የሚቀር ኮፒ የለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ናቸው። በካርዱ ላይ በእኛ አቆጣጠር ቀኑን የጻፈ ሰው፣ «ካርድዎ የተጻፈው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ እስከ ዛሬ የት ቆየ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜ ጳጉሜን ምን እንደ ሆነች፣ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ሊኖርበት ነው፤ ለማስረዳት ደግሞ አስቀድሞ ራሱ ማወቅ አለበት። ከመካከላችን ስንቶቻችን በሦስት መስመር እናስረዳዋለን? የስም ነገርም አለ። የውጭ ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ተስፋዬ ከበደ ለተባለው ልጅ «ውድ አቶ ከበደ» ብሎ ይጽፋል። ሰላምታው ለአባቱ ደረሰ ማለት ነው። አባቱ ምናልባት ከሞቱ ቆይተዋል፤ ካርዱ ግን እንኳን ለገና አደረሰዎ ይላቸዋል። ይህን አርሞ መጻፍ፣ እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ ስሟን እንደማትለውጥና ልጅ የአባቱን የራስ ስም እንደሚያስከትል መንገር፣ አንድ ሙሉ ካርድ ይበላል። ጥሩ ካርድም ይወጣዋል።

አሁን ደግሞ የማይወደደውን ልናገር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በየትምህርት ቤቱ «የብዕር ጓደኛ» መያዝ የተለመደ ነበር፤ ብዙ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን በኩል ከሩቅ አገር ልጆች ጋር ይጻጻፍ ነበር። መልካም ልማድ ነበር። ያበላሸው ምን እንደ ሆነ የዚያን ዘመን ሰዎች ያውቁታል። አንዳንዱ በመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ጤንነት ይጠይቃል፤ በሁለተኛው የእጅ ሰዓት እንዲላክለት ይለምናል። ሦስተኛ ደብዳቤ አልነበረም። ካርድ ለመለዋወጥ የሚነሣ ወጣት ከወዲያኛው ሰው የሚፈልገው ካርድ ብቻ መሆን አለበት። ካርድ ስንልክ እኩል ነን፤ አንድ ካርድ በአንድ ካርድ። ልመና የገባ እንደ ሆነ ያን እኩልነት የሸጥነው እኛው ራሳችን ነን።

ሌላም አለ። ካርድ ክፍት ነው። መንገድ ላይ የያዘው ሁሉ ያነበዋል፤ ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ፣ የሰው ስም ማጥፋት፣ የራስም ምስጢር አይጻፍበትም። ስለ ቴምብሩም፣ ከኪስ ተገዝቶ ነው የሚለጠፈው፤ የመሥሪያ ቤቱን መላኪያ ለግል ሰላምታ የሚያውል ጸሐፊ ካለ፣ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

ለተግባሩ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በአገራችን ፖስተኛ ቤት ለቤት እየዞረ ስለማያድል ተቀባይ የሚሆን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልጋል። የራሱን መከራየት የማይችል ተማሪ ከሦስት ከአራት ባልንጀሮቹ ጋር አንድ ሣጥን በጋራ ቢይዝ ወጪው ይቀልለታል፤ ቁልፉን የሚይዘው ግን ታማኝ ይሁን። ካርዱ በመንገድ ሳምንታት ሊቆይ፣ አንዳንዱም ሳይደርስ ሊቀር ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ መቀበል ነው። የፒያሳ ካርድ በሱቅ አልተገኘም ብሎ የጭላዳን ዝንጀሮ መግዛትም ግዴታ አይደለም። በስልክ የተነሣውን ሥዕል ፎቶ ቤት በወፍራም ወረቀት አሳትሞ፣ ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ፣ በቀኝ አድራሻ በግራ መልእክት መጻፍ ይቻላል። ከሥዕሉ በታች ግን መግለጫ ይኑርበት፤ ቦታው የት እንደ ሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደ ሆነ፣ በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፈቅደው ከሆነም ስማቸው ማን እንደ ሆነ። መግለጫው በመጀመሪያ በፊደላችን፣ ቀጥሎ ተቀባዩ በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ። ፊንላንድ ያሉት አሮጊት የላይኛውን መስመር ማንበብ አይችሉም፤ በሚቀጥለው ካርድ ምን እንደሚል ሊጠይቁ ይችላሉ።